የአያትን ስም ከመዝገብ ለማየት ለማን ይፈቀዳል?

ልጅ የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም እየቆጠረ እንዲያድግ ማድረግ በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። በኦሮሞውም ሆነ በአማራው ዘንድ ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ዝምድናችንን ለመቀጠል የሚያስፈልገንን ያህል የዘር ሐረጋችንን እንድንማር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል፤ ልጅ በወለደው አባቱ ስም እንዲጠራም ቁርኣን ያዝዛል። ይሁን እንጂ ቡራዩ ውስጥ ተማሪዎቻችንን ስንጠይቅ ብዙዎቹ ከአያታቸው ስም በላይ አይሻገሩም። ወላጆቻቸው ከጅማ፣ ከወሎ፣ ከስልጤ ወይም ከሌላ አካባቢ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ ስሙን የሚያውቁት አዛውንት ግን እዚያው አገር ቤት ቀርተዋል።

እንግዲህ አዛውንቱ ሲጠፉ ሰው ፊቱን ወደ ወረቀት ያዞራል። ወረቀቱስ የት አለ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት የክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ በቁጥር 3361 እነዚህ ድንጋጌዎች ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር እንዳይሠሩ አገዳቸው። እገዳው ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቆየ። በመካከሉ ማዘጋጃ ቤቶች የልደት ምስክር ወረቀት ሲሰጡ፣ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የተቋቋሙት ቀበሌዎችም የነዋሪዎቻቸውን ቤተሰብ ሲመዘግቡ ኖረዋል። በመላ ሀገሪቱ ወጥ የሆነው ምዝገባ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን፣ ሥራው የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አያቱን ፍለጋ ወደ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ሰው አዲሱ መዝገብ ውስጥ የሚያገኘው ሕፃናትን ነው ማለት ይቻላል፤ አያቱ ያሉት በአሮጌው የቀበሌ ፋይል ውስጥ ነው፣ ያም እስካልጠፋ ድረስ።

መዝገቡ ቢኖርስ ማን ያየዋል? ሕጉ የተመዘገበውን መረጃ በምስጢር እንዲጠበቅ ያደርጋል። ምስክር ወረቀቱ የባለጉዳዩ ነው፤ ለጸጥታ፣ ለወንጀል ምርመራ፣ ለግብር አሰባሰብና ለመሰል ሥራ ደግሞ ሕግ የፈቀደላቸው አካላት መረጃውን ያገኛሉ። የዘር ሐረግ አጥኚ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህንኑ ጥንቃቄ አጠበቀው እንጂ አላላላውም።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ይህን ጥንቃቄ አንቃወምም። በክብር መዝገብ የሚጻፈው ልደትና ሞት ብቻ አይደለም፤ ፍቺ፣ ጉዲፈቻ፣ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ አባትነትም ይጻፋል። ለልጃቸው የታጨችውን ልጅ ገመና ሊመረምሩ የሚመኙ ወይዘሮዎች በየሰፈሩ አሉ፤ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች እነርሱ ይሆኑ ነበር! ሙስሊም የወንድሙን ነውር እንዲሸፍን ታዝዟል፤ የክብር መዝገብ ሹምም እንዲሁ።

የምንነቅፈው ሌላ ነገር ነው። ሕጉ ሕያዋንን ሲጠብቅ፣ ሙታን ምስጢራቸው መቼ እንደሚያበቃ አይናገርም። በሆላንድ የልደት መዝገብ ከ100፣ የጋብቻ ከ75፣ የሞት ከ50 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ይከፈታል። እንግሊዞች ከዚህም አልፈው ማንም ሰው ከፍሎ የማንንም የልደት ወረቀት ግልባጭ እንዲያገኝ ፈቅደዋል፤ ይህ ለእኛ ኅብረተሰብ የበዛ ይመስለናል። በሆላንዶች ደንብ ብንሄድ በ2008 የተመዘገበው ሕፃን ገጽ በ2108 ዓ.ም. ይገለጣል። ደንቡን ዛሬ መጻፍ ማንንም አይጎዳም፤ ካልተጻፈ ግን የዚያን ጊዜ ሹም እንደ ስሜቱ ይከፍታል፣ እንደ ስሜቱ ይዘጋል።

እስከዚያው ድረስ የቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 145 ፍርድ ቤት በሌላ መሥሪያ ቤት ያለ መዝገብን እንዲያስቀርብ ሥልጣን ይሰጠዋል። ይህ በሚራስ ጉዳይ ላይ ምን ያህል እንደሚጠቅም በምሳሌ እንይ። አንድ ሰው ልጅም፣ አባትም፣ አያትም ሳይተው ቢሞት፣ በእናት ብቻ የሚገናኘው ወንድሙ ብቻውን ከሆነ ከውርሱ 1/6ኛ ይወስዳል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 1/3ኛውን በጋራ ይካፈላሉ። በእናትም በአባትም የሚገናኝ ወንድም ካለ ግን በአባት ብቻ የሚገናኘው ምንም አያገኝም። እንግዲህ የአንዲት እናት ስም በትክክል መጻፉ ወይም መዘለሉ የአንድን ቦታ ባለቤት ይለውጣል ማለት ነው። የመሬት ዋጋ እንደ ቡራዩ በናረበት ስፍራ ወንድማማቾች በዚህ ሳቢያ ሲኳረፉ ማየት እንግዳ አይደለም።

ቡራዩ ራሷ ሌላ ችግር አለባት። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲዋቀር ቡራዩ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በዚያ ሥር ገባች። መሥሪያ ቤት ሲለወጥ ማኅተሙና አድራሻው ይለወጣል፤ አሮጌ ወረቀት የያዘ ሰው የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ግራ ይገባዋል። ቋንቋውም አለ። የድሮው ወረቀት በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን የዛሬው የኦሮሚያ መዝገብ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል። አባት በአንዱ «መሐመድ»፣ በሌላው «ሙሐመድ»፣ በሦስተኛው «ማሃመድ» ሆኖ ሲገኝ ሦስት ሰው ይመስላል። የቤተሰብ ስም በሌለበት፣ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ብቻ በሚታወቅበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝኑት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር የሄዱት ልጆች ናቸው። በ2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ ጉዲፈቻን እስከሚያግድ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሄደዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ደንግጓል። ዛሬ አድገው እናታቸውን ሲፈልጉ ግን በእጃቸው ያለው ብዙውን ጊዜ የፍርድ ቤት ፋይል ቅጂ ብቻ ነው፤ «ቤተሰብ ፍለጋ» የተባለው ድርጅት ቤተሰብንና ልጅን ለማገናኘት የሚደክመውም ለዚህ ነው። እነዚህን ልጆች ከወሬ ፈላጊ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ አይመስለንም።

ወላጆች ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባሉ፤ ኒካሕ በመስጊድ ወይም በቃዲ ዘንድ ቢታሰርም ምዝገባው አይቀርም። ስሙ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲጻፍ ሹሙ ፊት ቆሞ ማንበብ ያስፈልጋል። አባቶቻችን የልጆቻቸውን ልደት በኪታብ ልባስ ላይ ይጽፉ እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ፤ እዚያ ላይ የእናትን አባትና የእናትን እናት ስም መጨመር ከአንድ መስመር በላይ አይፈጅም።