ዋጋ ከተቆረጠ ቃል አይታጠፍም

ጧት ነው። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በዘነበወርቅ ሰፈር አንድ ሰው ጆንያ ተሸክሞ በየደጁ ያልፋል። «ቆራሌው!» እያለ ይጣራል። «ቆርቆሮ ያለው» ማለቱ ነው። የሚገዛው ግን ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ አሮጌ ጫማ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ሁሉ ይገዛል። ከገዛው ውስጥ ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ ይጠገናል፤ እንደገናም ይሸጣል።

ቆራሌው አንዲት ሴት ደጅ ላይ ቆመ። እሷ ዋጋ ጠራች፤ እሱ ቀነሰ። ተከራከሩ፤ ተሳሳቁ። በመጨረሻ «በቃ፣ ይሁን» ተባባሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህች «ይሁን» ስለምትባል ቃል ነው።

ዘነበወርቅ ስሙን ያገኘው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በሰፈሩ በስማቸው የተጠራ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበረ። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ አለርት የሚባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ለሕክምና ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። እዚያው ጎጆ ቀልሰው፣ ጥልፍ እየጠለፉ፣ እየነገዱ ኖሩ። አንዱ ለሌላው እንግዳ ነበር። እንግዳ ከእንግዳ ጋር ሲገበያይ መተማመኛው ቃል ነው።

ከሰፈሩ አጠገብ ቆሼ የሚባል ቦታ አለ። የከተማው ቆሻሻ ለብዙ ዘመን የተከመረበት ነው። ብዙ ችግረኞች ከዚያ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ በመሸጥ ኖረዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። እንግዲህ ያገለገለ ዕቃ ለአንዳንዱ ሰው ትርፍ ነገር ቢሆን፣ ለሌላው የዕለት እንጀራ ነው። በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ የተቆረጠን ዋጋ ማፍረስ ከሰው ጉሮሮ ላይ መንጠቅ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ያገለገለ የልብስ ስፌት መኪና አላት እንበል። ከገጠር የመጣ አንድ ገበሬ ለሴት ልጁ ሊገዛላት ፈለገ። ሴትዮዋ 10,000 ብር አለች። እሱ 8,000 ብር አለ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ9,000 ብር ዋጋ ቆረጡ። ገበሬው 1,000 ብር ቀብድ ሰጠ።

«እትዬ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቀሪውን ይዤ እመጣለሁ» አላት።

«ይሁን ወንድሜ፤ ላንተ አስቀምጥልሃለሁ» አለችው።

ገበሬው አገሩ ገብቶ በጎቹን ሸጠ። የአውቶቡስ ከፍሎ በቀጠሮው ቀን መጣ። የስፌት መኪናው ግን የለም። በመካከሉ ሌላ ሰው 10,500 ብር ከፍሎ ወስዶት ኖሯል።

«1,000 ብርህ ይኸውልህ። ምን ጎደለብህ?» አለችው።

ምን ጎደለበት? በጎቹ ተሸጠዋል። የመንገድ ገንዘቡ ወጥቷል። የሥራ ቀኑ አልፏል። ልጁም ቤት ሆና ትጠብቃለች።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። የዚህ ሕግ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል ይላል። ቁጥር 1883 ደግሞ ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን የሚያስረዳ መሆኑን ይገልጻል። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ስለዚህ ሴትዮዋ መመለስ ያለባት 1,000 ብር ሳይሆን 2,000 ብር ነው። አሁን እናስላ። ከሁለተኛው ገዢ ያገኘችው ብልጫ 1,500 ብር ነው። ከዚያ ላይ ለገበሬው ከራሷ የምትጨምረው 1,000 ብር ይቀነሳል። የሚተርፋት 500 ብር ብቻ ነው። ለ500 ብር ብላ ስሟን አጠፋች። ገንዘብ በእጥፍ ይመለሳል፤ የጠፋ ስም ግን በቀላሉ አይመለስም።

ቀብድ ባይኖርም እንኳ ስምምነቱ ውል ነው። እንደ ስፌት መኪና ያለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ በቃል ተስማምቶ መሸጥ ይቻላል። ውሉን ያፈረሰ ሰው ላደረሰው ጉዳት ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። የቤት ሽያጭ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት።

ጥፋቱ የሻጭ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ገዢ በ9,000 ብር ተስማምቶ ይሄዳል። በቀጠሮው ቀን በጠቅላላው 7,000 ብር ብቻ ይዞ ይመጣል። «አልሞላልኝም፤ በዚሁ ይለቀቅልኝ» ይላል። ሻጩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ገዢ ሲመልስ ቆይቷል። አሁን ገንዘቡ ቸግሮታል። ገዢውም ይህን ያውቃል። ይህ ክርክር ሳይሆን የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ ነው።

መከራከር ነውር አለመሆኑን ግን እንወቅ። ከ«ይሁን» በፊት ሻጭ የፈለገውን ይጥራ፤ ገዢም ይቀንስ። ካልተስማሙ በሰላም ይለያዩ። ከ«ይሁን» በኋላ ግን ዋጋው የሚለወጠው ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ነው። ቃሉን መጠበቅ የማይችል ችግር የደረሰበት ሰው ቢኖር አስቀድሞ ይናገር። ሌላው ሰው በጎቹን ሳይሸጥ፣ መንገድ ሳይወጣ ይንገረው።

ሻጭ የዕቃውን ጉድለት ከደበቀ ነገሩ ሌላ ነው። የተደበቀ ጉድለት የተገኘበት ገዢ የመጠየቅ መብት አለው። በግልጽ የሚታየውን ጉድለት ግን ገዢው ራሱ አይቶ መግዛት አለበት። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ዕቃውን አገላብጣችሁ እዩ። የስፌት መኪና ከሆነ ጨርቅ አስገብታችሁ አሠሩት። ሬዲዮ ከሆነ ከፍታችሁ አዳምጡ። ዕቃው የማን እንደሆነም ጠይቁ።

ቀድሞ ስንቱ ሰው ምን እንደተጻፈ ሳያውቅ በወረቀት ላይ የጣት አሻራውን አትሟል! አሁን እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። ውላችሁን ራሳችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ። ለምሳሌ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«እኔ ሻጭ ........ ያገለገለ የልብስ ስፌት መኪናዬን ለገዢ ........ በ9,000 (ዘጠኝ ሺህ) ብር ሸጫለሁ። ቀብድ 1,000 (አንድ ሺህ) ብር ተቀብያለሁ። ቀሪውን 8,000 (ስምንት ሺህ) ብር በ........ ቀን ........ ዓ.ም. ስቀበል መኪናውን አስረክባለሁ። የመኪናው ጉድለት፦ መርገጫው ላልቷል።
የሻጭ ፊርማ ........ የገዢ ፊርማ ........ ምስክሮች 1. ........ 2. ........»

ገንዘቡን በቁጥርም በፊደልም ጻፉት። ቁጥር ብቻ ከሆነ አንድ ዜሮ መጨመር ቀላል ነው። ወረቀቱን ሁለት አድርጋችሁ ጻፉ፤ አንዱ ለሻጭ፣ አንዱ ለገዢ ይሁን።

አባቶቻችን «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይላሉ። ዕዳ ደግሞ ይከፈላል። የሚቀጥለው የገበያ ቀን ሲደርስ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ውጡ። ውሉን ጽፋችሁ ስትጨርሱ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩም ገዢውም እየሰማ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።