አንቶኒዮ እና አንቶኒ ጆንሰን፦ የቅኝ ግዛት ዘመን ቅድመ አያትን በመሬትና በችሎት መዝገብ መፈለግ

በ1625 የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ነዋሪዎች ሲቆጠሩ በቤኔት እርሻ ከተመዘገቡት መካከል አንቶኒዮ የሚባል ጥቁር ሰው ይገኛል፤ በ1621 ጄምስ በተባለች መርከብ እንደ መጣ ተጽፎለታል። በዚያው እርሻ ሜሪ የምትባል ጥቁር ሴት አለች፤ የመጣችው በ1622 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሁለቱም የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ባልና ሚስት ስለመሆናቸውም መዝገቡ አንዳች አይናገርም። በ1651 ደግሞ በቅኝ ግዛቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ አንቶኒ ጆንሰን የተባለ ነጻ ጥቁር ገበሬ 250 ኤከር መሬት በስሙ አስመዘገበ። የሚስቱም ስም ሜሪ ነው። አንቶኒዮና አንቶኒ አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት? ትውልድ ቆጣሪው ወደ 1621 የሚሻገረው ይህን ጥያቄ በማስረጃ ከመለሰ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን ቨርጂኒያ ልደትና ጋብቻ የተጻፈባቸው የቤተ ክርስቲያን መዛግብት እጅግ ጥቂት ቀርተዋል። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከመሬት ሰነድ ነው። ከ1618 ጀምሮ ለአንድ ሰው የመርከብ ጉዞ የከፈለ 50 ኤከር የማግኘት መብት ነበረው፤ የጆንሰን 250 ኤከርም በአምስት ሰዎች ስም የተገኘ ነው። ጀማሪ ተመራማሪዎች ይህን የስም ዝርዝር የመርከብ መንገደኞች መዝገብ አድርገው ያነቡታል፤ ይህም ስሕተት ነው። መብቱ ይሸጥና ይለወጥ ነበር፤ ሰውየው ከደረሰ ከብዙ ዓመታት በኋላም ሊቀርብ ይችላል። ከጆንሰን አምስት ስሞች አንዱ ሪቻርድ ጆንሰን ይላል። የልጁም ስም ሪቻርድ ነበር። ይህ ሰው በዚያው የተወለደው ልጅ ከሆነ፣ ዝርዝሩ በባሕር የመጡትን ብቻ እንደማይዝ ራሱ ይመሰክራል።

ከስሞቹ ይልቅ የሚያስተማምነው የወሰኑ አገላለጽ ነው። ሰነዱ መሬቱን በወንዝ፣ በዛፍና በአዋሳኝ ባለይዞታ ስም ይለያል። በ1652 ጆን ጆንሰን 550 ኤከር፣ በ1654 ሪቻርድ 100 ኤከር ያስመዘገቡት ከአንቶኒ መሬት አጠገብ ነው። ጆንሰን በእንግሊዛውያን ዘንድ እጅግ የተለመደ ስም በመሆኑ ስሙ ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም፤ የአዋሳኝነቱ ምስክርነት ግን ከባድ ነው።

ይሁን እንጂ የመሬት ሰነድ ሰውየው የት እንደነበረ እንጂ ማን እንደሆነ አይናገርም። ይህን የሚነግረው ችሎት ነው። የአካባቢው የችሎት መዝገብ ከ1632 ጀምሮ ሳይቋረጥ የተጠበቀ ሲሆን፣ በዛሬዋ አሜሪካ ከዚህ የሚቀድም ያልተቋረጠ የአውራጃ መዝገብ የለም። በ1653 የጆንሰን ቤተሰብ በእሳት ቃጠሎ ከባድ ጉዳት ደርሶበት አቤቱታ አቀረበ፤ ችሎቱም ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ በሕይወት እስካሉ ከግብር ነጻ እንዲሆኑ ወሰነ። የውሳኔውን ክብደት የሚረዳው የ1643ቱን ሕግ የሚያውቅ ነው፤ ሕጉ ጥቁር ሴቶችን ግብር ከሚጣልባቸው ሠራተኞች ጋር ቆጥሯቸዋል። ለፍለጋው ግን ከውሳኔው ይልቅ በመካከሉ የተጣለችው አንዲት ሐረግ ትበልጣለች፤ ባልና ሚስቱ በቨርጂኒያ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደኖሩ ትገልጻለች። ከ1653 ሠላሳ ሲቀነስ 1623 ይሆናል። የ1625ቱ ቆጠራ በመላው ቅኝ ግዛት የመዘገበው 23 አፍሪካውያንን ብቻ ነው፤ ከእነዚህ መካከል ከ1623 በፊት የመጡና በአንድ እርሻ የሚኖሩ አንቶኒዮና ሜሪ መገኘታቸው በአጋጣሚ ሊሆን መቻሉ ያጠራጥራል። የችሎቱ ጸሐፊ ያቺን ሐረግ ባያስገባ ኖሮ ማያያዣው ባልተገኘም ነበር።

በተቃራኒው፣ አንቶኒ በሚለው ስም ብቻ የሚጠቀሱ ጥቁሮች ሁሉ ጆንሰን ናቸው ማለት አይቻልም። በዚያው አውራጃ አንቶኒ ሎንጎ የተባለ ሌላ ነጻ ጥቁር ይኖር ነበርና የቤተሰብ ስም የሌለው ማንኛውም የችሎት ቃል ከሁለቱ ለማንኛቸው እንደሚገባ በዙሪያው ባሉት ጎረቤቶችና ቀኖች መመዘን አለበት።

የቀኑ ጉዳይም ቀላል አይደለም። በዚያ ዘመን የእንግሊዞች ዓመት የሚለወጠው ማርች 25 ስለነበር መዝገቡ ማርች 8 ቀን 1654 የሚለው በዛሬው ልማድ 1655 ነው። ቤተሰቡን እጅግ ያሳወቀው ክርክር የተወሰነው በዚሁ ቀን ነው። ጆን ካሶር የተባለ ጥቁር ሠራተኛ የመጣው ለሰባት ወይም ለስምንት ዓመት አገልግሎት በውል እንደነበርና ዘመኑ እንዳለቀ ተናግሮ ወደ ጎረቤቱ ሮበርት ፓርከር ዘንድ ሄደ። ጆንሰን በመጀመሪያ በቤተሰቡ ምክር ለቀቀው፤ በኋላ ግን ፓርከርን ከሰሰ። ችሎቱም ካሶር ወደ ጆንሰን እንዲመለስና ፓርከር ወጪውን እንዲከፍል ፈረደ። ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ከባርነት ወጥቶ ባለመሬት የሆነውን ሰው ሲያገኝ፣ ሌላውን ጥቁር ለዕድሜ ልክ የያዘውንም አብሮ ያገኛል። ለዘር ቆጠራ ሲባል አንዱን ገጽ ይዞ ሌላውን መዝለል ምርምር አይባልም።

በ1660ዎቹ ቤተሰቡ ወደ ሜሪላንድ ተሻገረ፤ በዚሁ ጊዜ ገደማ የቀድሞ አውራጃው ለሁለት ተከፍሎ የአንቶኒ መሬት ያለበት ክፍል አኮማክ ተብሏል። የአውራጃውን መከፈል ያላስተዋለ ፈላጊ ቀጣዩን ሰነድ በተሳሳተ መዝገብ ውስጥ ይፈልገዋል። ያ ሰነድ የ1670 ነው። አንቶኒ ከሞተ በኋላ የአኮማክ የመሐላ ዳኞች፣ ሟቹ ጥቁር ስለነበረና በዚህም ምክንያት እንደ ባዕድ ስለሚቆጠር፣ በቨርጂኒያ የነበረው መሬት ለዘውዱ ሊመለስ ይገባል ብለው ወሰኑ። ከዚህ ውስጥ 50 ኤከሩን ለልጁ ለሪቻርድ ሰጥቶት ነበር። በ1651 በስሙ መሬት የመዘገበለት ቅኝ ግዛት ከ19 ዓመት በኋላ ያንኑ ሰው ባዕድ አለው።

በ1677 የልጅ ልጁ ጆን በሜሪላንድ 44 ኤከር መሬት ገዛ። በዚያ አገር ለእያንዳንዱ ይዞታ ስም ማውጣት ልማድ ስለነበር እርሱም ለመሬቱ ስም አወጣለት፤ አንጎላ አለው።