የጣና ነጭ ዓሣ በወንዝ አፍ እንዳያልቅ

በጣና ሐይቅ ዳርቻ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ለዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ስለ ነጭ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ በገበያ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ ዓይነት አይደለም። ተመራማሪዎች በአፉ አቀማመጥ፣ በጭንቅላቱ ቅርጽና በአመጋገቡ እየለዩ ከአሥራ አምስት የማያንሱ ዝርያዎች መዝግበዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም። ለዚህ ምክንያቱ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ይህ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ስለከለከለ፣ በውስጥ የቀሩት እየተለያዩ መኖና ቦታ ተከፋፈሉ። ስምንት ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ይህም በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ለሌላቸው ለዚህ ወገን ዓሣዎች እንግዳ ነገር ነው። በፊሊፒንስ አገር ላናኦ በሚባለው ሐይቅ ተመሳሳይ ስብስብ ነበር፤ አሁን ጠፍቷል።

በጣና ላይ የደንገል ታንኳ ይዞ በዳርቻው ማስገር የቆየ ሥራ ነው። በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥናት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዛት 75 በመቶ ያህል ቀንሷል። ገና ያልደረሱት ትንንሾቹ ደግሞ 90 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ተተኪው እየመነመነ መሄዱን ያመለክታልና።

ቆሮሶና አምባዛ በተመሳሳይ መረብ እየተያዙ ነጭ ዓሣ ለምን ይበልጥ ተጎዳ? ቆሮሶ የሚራባው በሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው፤ እናቲቱም እንቁላሉን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። አምባዛ ክረምት ውኃ በተኛበት ሜዳ ይራባል። ከነጭ ዓሣ ግን ሰባት ያህሉ ዝርያዎች ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ አርኖ ጋርኖና ሌሎችም ወንዞች መውጣት አለባቸው። ክረምቱ ሲገባ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ጎርፉን ተከትለው ጠጠር ወዳለባቸውና ውኃቸው ጠርቶ በፍጥነት ወደሚወርድባቸው ገባሮች ወጥተው በጠጠሩ መካከል እንቁላል ይጥላሉ። ይህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይፈጸማል። ዓሣው ቀስ ብሎ የሚያድግና ዘግይቶ ለመራባት የሚደርስ በመሆኑ፣ አንድ ክረምት በወንዝ አፍ የተጠረገውን በሚቀጥለው ዓመት መተካት አይቻልም።

አስጋሪው በዚያን ጊዜ መረቡን በወንዝ አፍ ቢዘረጋ አይፈረድበትም። ዓሣው ተሰብስቦ ይገኛል፤ የነዳጅ ወጪ የለም፤ በጾም ወቅትም የዓሣ ገበያ ይደራል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወዋለን።) ነገር ግን በአንድ ሌሊት በመረቡ የሚያዘው እንቁላሉን ያልጣለ ዓሣ ነው። ከወንዙ ወደ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የሚጨምር አለ፤ ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ያደነዝዛል። ለግንባታ ተብሎ አሸዋና ጠጠር ሲወሰድም እንቁላሉ የሚያርፍበት ቦታ አብሮ ይሄዳል። ግድብ በተሠራበት ወንዝ መንገዱ ይዘጋል። ስለ እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ብዙ ስለተነገረ እዚህ አንደግመውም።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ወረቀት ግን በወንዝ አፍ ቆሞ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ማኅበሩ ነው። በመሆኑም ማኅበራት ከክረምቱ በፊት፣ ቢቻል በግንቦት፣ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በየትኛው ወንዝ አፍ መረብ እንደማይዘረጋ፣ ክልሉም ከየት እስከ የት እንደሆነ እንዲወስኑ እናሳስባለን። ወሰኑ ሁሉም በሚያውቀው ዛፍ ወይም ድንጋይ ይለይ፤ በካርታ ብቻ የተለየ ወሰን ጭቅጭቅ ያመጣል። አስቸጋሪው ጉዳይ የማኅበሩ አባል ያልሆነው አስጋሪ ነው። አባላቱ የተዉትን እርሱ ከሰበሰበው ውሳኔው በአንድ ክረምት ይፈርሳልና ከመጀመሪያው ውይይት ሊጠራ ይገባል። በእነዚህ ወራት ገቢው ለሚቀንስበት አባል ከማኅበሩ ቁጠባ ብድር ካልታሰበለትም ቃሉን እንዲጠብቅ መጠየቅ ይከብዳል።

በላይኛው ተፋሰስ የምትሠሩ የልማት ሠራተኞችም ሐይቁን ባታዩትም ሥራው ይነካችኋል። ከእርሻ ታጥቦ የሚወርደው ደለል በጠጠሩ መካከል ያለውን እንቁላል አፍኖ ይገድላል፤ ስለዚህ እርከን በምታሠሩበት ጊዜ የወንዝ ዳር እርሻውን አትለፉት።

የመራቢያው ወቅት መግባቱን ለማወቅ ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ከሐይቁ ከተያዘው ጥቂት ዓሣ ወስዶ ሆዱን ወደ ጅራቱ አቅጣጫ በቀስታ መጫን ይበቃል። እንቁላል ወይም ነጭ ፈሳሽ ከወጣ ዓሣው ደርሷል። ቀኑንና ወንዙን በደብተር መዝግባችሁ ለማኅበሩ ሊቀመንበር በዚያው ዕለት አስታውቁ።