ስኬትቦርድ በሽሮ ሜዳ

ስኬትቦርድ ከሥሩ አራት ትንንሽ ጎማዎች በተገጠሙለት ጣውላ ላይ ቆሞ የመንሸራተትና የመዝለል ስፖርት ነው። በኢትዮጵያ ስሙ ከሚነሣባቸው ሰፈሮች አንዱ በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ ነው። ሰፈሩ ይበልጥ የሚታወቀው በሸማኔዎቹና በሀገር ልብስ ገበያው ሲሆን፣ እስራኤል ደጀኔ የመሠረተው «መጋቢ ስኬት» የተባለው የልጆች ስኬትቦርድ ማስተማሪያም የተነሣው ከዚሁ ነው። (የእንግሊዝኛው «ስኬት» በፊደል ሲጻፍ መሳካት ከሚለው የአማርኛ ቃል ጋር አንድ ይሆናል፤ ለሰፈሩ ልጆች መልካም አጋጣሚ ነው።)

ከኩሽኔታ ወደ ስኬትቦርድ

በጣውላ ላይ መንሸራተት ለአዲስ አበባ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ በጣውላ ሥር ገጥሞ ቁልቁለት መውረድ የቆየ የሰፈር ጨዋታ ነው፤ ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ቁልቁለት አይጎድለውም። ልዩነቱ ጎማው ላይ ነው። ኩሽኔታ ብረት ስለሆነ ይሮጣል እንጂ መሬት አይዝም። በካሊፎርኒያ የተጀመረው ስኬትቦርድም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስዎርዚ የፖሊዩሬቴን ጎማ እስኪያመጣ ድረስ ከዚሁ ችግር አልወጣም ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ አለን ጌልፋንድ ቦርዱን በእጅ ሳይዙ ከቦርዱ ጋር መዝለልን፣ ማለትም «ኦሊ»ን፣ አስተዋወቀ። በኦሊ የኋላ እግር የቦርዱን ጭራ መሬት ላይ ይመታል፤ የፊት እግር ጎን ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት በሚሻክረው የቦርዱ ገጽ ላይ እየተፈተገ ቦርዱን ወደ ላይ ይስበዋል። ስለዚህ ጀማሪው ኦሊ ሳይችል ጫማው ያልቃል።

የመንገድ ቦርድ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን አይመቸውም። አስፋልቱ ይመቻል፤ ሚኒባሶቹ ግን እዚያው ናቸው።

አዲስ ስኬት ፓርክ

በከተማዋ በነጻ ለሁሉም የተከፈተው የመጀመሪያው የኮንክሪት ፓርክ የተጠናቀቀው በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ነው። አቤኔዘር ተመስገንና አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሾን ስትሮምሶ ያቋቋሙት «ኢትዮጵያ ስኬት» ከ«ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ» ድርጅት ጋር በመሆን፣ ከተለያዩ አገሮች በመጡ በጎ ፈቃደኞች ጉልበት በወጣቶች ማዕከል ግቢ ውስጥ አሠራው። ሶስና ጫላ እ.ኤ.አ. በ2020 ከመሠረቱት አንዷ የሆነችበት የሴቶች ቡድን፣ «ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ»፣ የሚለማመደውም በዚሁ ፓርክ ነው።

እንደ ሙያ

ስኬትቦርድ ሙያ የሚሆነው በክለብ ደመወዝ ሳይሆን በስፖንሰር ነው። አንድ ኩባንያ በመጀመሪያ ለተጫዋቹ ቦርድና ጫማ በነጻ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ጉዞውን ይሸፍናል፤ በመጨረሻ ስሙ የታተመበት ቦርድ ያወጣለታል፣ ከሽያጩም ድርሻ ይከፍለዋል። ፕሮፌሽናል ማለት ይህ ነው። አሜሪካዊው ቶኒ ሃውክ እዚህ ደረጃ የደረሰው በ14 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር።

ይህ መሰላል ግን ቦርድ የሚሸጥበት ገበያ ባለበት አገር የተሠራ ነው። ኩባንያ ቦርድ ላይ ስም የሚያትመው የሚገዛው ሰው ሲኖር ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ቦርዱ ራሱ በአብዛኛው የሚገኘው በእርዳታ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ከሰባት ስስ የሜፕል እንጨቶች ተጣብቆ የሚሠራው ቦርድ ከመጥፎ አወራረድ በኋላ ለሁለት ይሰበራል። ሌላው ዓለም ሱቅ ሄዶ የሚተካውን፣ የሽሮ ሜዳው ልጅ የሚቀጥለው ሻንጣ እስኪመጣ ይጠብቃል። ችሎታው ሳይጎድል ልምምዱ የሚቋረጠው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኦሊምፒክ ነው። ስኬትቦርድ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ፣ የሴቶችን የጎዳና ውድድር ጃፓናዊቷ ሞሚጂ ኒሺያ በ13 ዓመቷ አሸንፋለች። ለኦሊምፒክ ለመብቃት ግን በተለያዩ አገሮች እየተዘዋወሩ ነጥብ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ይህም የአውሮፕላን ትኬትና ቪዛ ማለት ነው። በቶኪዮም ሆነ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያዊ ስኬተር አልተሳተፈም። በቶኪዮ ለደቡብ አፍሪካ ከተሰለፉት አንዱ የሆነው ዳላስ ኦበርሆልዘር በውድድሩ ጊዜ 46 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት በአገሩ የሚታወቀው ለልጆች ስኬትቦርድ በማስተማር ነው።