ከመለያ ወረቀት እስከ ደንዳኔ

ዘይትና ውሃ አንድ ላይ ቢመቱ ለጥቂት ጊዜ የተዋሃዱ መስለው መልሰው ይለያያሉ። የምግብ ፋብሪካዎች ይህን ለመከላከል ኢመልሲፋየር የተባሉ አዋሃጅ ንጥረ ነገሮችን ይጨምራሉ። በአይስክሬምና በታሸገ ኬክ መለያ ወረቀት ላይ ኢ466 ወይም ኢ433 ተብለው ከተጻፉት መካከል የመጀመሪያው ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ፣ ሁለተኛው ፖሊሶርቤት 80 ነው። ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ በሰው አንጀት ስለማይፈጭ ለብዙ ዓመታት ጉዳት አልባ ተደርጎ ተቆጥሯል። ይሁን እንጂ ያልተፈጨ ምግብ ሁሉ የሚደርሰው ትሪሊዮን ባክቴሪያዎች ወደሚኖሩበት ደንዳኔ ነው።

የደንዳኔ ግድግዳ ሙከስ በተባለ ዝልግልግ ሽፋን የተለበጠ ሲሆን፣ በጤናማ ሰው ባክቴሪያዎቹ ከዚህ ሽፋን ማዶ ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቤኖ ሻሴንግ፣ አንድሩ ገዊርትዝና ባልደረቦቻቸው ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህ ድንበር ሊጣስ እንደሚችል አሳየ። ከሁለቱ አዋሃጆች አንዱ በ1 ፐርሰንት መጠን የተጨመረበትን ውሃ ለ12 ሳምንታት የጠጡ አይጦች፣ ባክቴሪያዎቻቸው ወደ አንጀታቸው ግድግዳ ተጠግተው፣ ቀለል ያለ ግን የማያቋርጥ ብግነት አድሮባቸውና ክብደታቸው ጨምሮ ተገኙ። ታዲያ ጉዳቱን ያደረሰው ኬሚካሉ ራሱ ነው ወይስ ባክቴሪያዎቹ? ከባክቴሪያ ነፃ ሆነው ያደጉ አይጦች ያንኑ ውሃ ቢጠጡም አልታመሙም፤ የታመሙት አይጦች ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ግን አንዳንዶቹ ምልክቶች ታዩባቸው። ለእኔ የጥናቱ ውበት ያለው በዚህች ሙከራ ላይ ነው።

እርግጥ አይጥ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ከ16 ጤነኛ ፈቃደኞች 7ቱ በቀን 15 ግራም ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ለ11 ቀናት ተመገቡ። የባክቴሪያዎቻቸው ስብጥር ተለወጠ፤ በ2ቱ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ወደ ሙከሱ ዘልቀው ታዩ። መጠኑ ከፍተኛ፣ ተመጋቢዎቹም ጥቂት ስለሆኑ ከዚህ ተነሥቶ አይስክሬምን መኮነን ችኮላ ይሆናል።

የሚጎድለውም ከሚጨመረው ያላነሰ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሰው አንጀት ባክቴሪያዎች የተሰጧቸው አይጦች አሰር የሌለው ምግብ ሲመገቡ፣ የተራቡት ባክቴሪያዎች ሙከሱን ራሱን መብላት ጀመሩ።

በእኛ ገበታ ብዙ ሰው የእንጀራን እርሾ ያወድሳል፤ ሆኖም በእርሾው ውስጥ ያሉ ደቂቅ ዘአካላት ከጋለ ምጣድ አይተርፉም። ደንዳኔ የሚደርሰው የጤፉ፣ የምስሩና የሽሮው አሰር ነው። ባክቴሪያዎች ይህን አብላልተው ቡቲሬት ይሠራሉ፤ የደንዳኔ ግድግዳ ሕዋሳት ዋነኛ ነዳጅም ይኸው ቡቲሬት ነው።