ለመኪናዎ ጂፒኤስ ሲመርጡ፦ ከስክሪኑ ስፋት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ

ለመኪና የሚሆን ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በስክሪኑ ስፋት ላይ ነው። በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች 3.5 ኢንች የነበረው ስክሪን ወደ 4.3፣ ወደ 5፣ ከዚያም ወደ 7 ኢንች አድጓል፤ የባለ 7 ኢንቹ ገጽ ከባለ 4.3ቱ ገጽ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሰፋል። ሻጩም ገዢውም «ትልቁ ይሻላል» ብለው ቢስማሙ አያስደንቅም። ሆኖም ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው የሚገዛው ስክሪኑን ሊያይ ነው፤ ሹፌር ግን ማየት ያለበት መንገዱን ነው። ስለዚህ የጂፒኤስ ዋናው መለኪያ የሹፌሩን ዐይን ከመንገድ ላይ ለምን ያህል ጊዜ ይነጥቃል የሚለው ነው። ሰፊ ስክሪን ሊመሰገን የሚገባውም ይህን ጊዜ ሲያሳጥር ብቻ ነው።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹፌሩ ለሁለት ሰከንድ ስክሪኑ ላይ ቢያፈጥ 56 ሜትር መንገድ ሳያይ ነዳ ማለት ነው። በአሜሪካ 100 መኪኖች ላይ ካሜራ ተገጥሞ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ዐይንን ከሁለት ሰከንድ በላይ ከመንገድ ላይ ማንሳት የመጋጨት ወይም ለጥቂት የመትረፍ አጋጣሚን ቢያንስ በእጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ገዢውም ይህንኑ ልክ ሱቅ ውስጥ ሊሞክረው ይችላል፦ መሣሪያውን በክንድ ርቀት አስቀምጦ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ይመልከትና ዐይኑን መልሶ ቀጣዩ መታጠፊያ ወዴት እንደሆነ፣ ስንት ሜትር እንደቀረው፣ የመንገዱም ስም ማን እንደሆነ ይናገር። መናገር ካቃተው፣ ስክሪኑ የቱንም ያህል ቢሰፋ መሣሪያው አይሆነውም። ድምፁም መፈተሽ አለበት፤ የመንገዱን ስም እየጠራ፣ መታጠፊያው ሳይደርስ አስቀድሞ የሚናገር ጂፒኤስ ስክሪኑን የማየትን አስፈላጊነት በእጅጉ ይቀንሳል።

ሰፊ ስክሪን አቅጣጫን ይበልጥ በትክክል ያሳያል የሚል እምነትም አለ፤ ይህ ግን ስህተት ነው። መሣሪያው ያለበትን ቦታ የሚያውቀው 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ፣ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚመጣው ምልክት የፈጀውን ጊዜ በማስላት ነው። በዚህ ስሌት የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ያህል ያሳስታል። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ስፍራ ስህተቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ረጃጅም ሕንፃዎች በበዙበት ግን ምልክቱ ከግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ ይሰፋል። ከዚህም በላይ ሳተላይቱ የሚያግዘው የቆምንበትን ነጥብ ለማወቅ ብቻ ነው፤ መንገዱን የሚያውቀው በመሣሪያው ውስጥ የተጫነው ካርታ ነው። እንደ አዲስ አበባ መንገድ በየጊዜው በሚከፈትበትና በሚዘጋበት ከተማ ያረጀ ካርታ በሰፊ ስክሪን ላይ ቢታይ ስህተቱን ከማጉላት በቀር የሚፈይደው የለም። ስለዚህ ካርታው መቼ እንደታደሰ፣ ወደፊትስ በነፃ ይታደስ እንደሆነ መጠየቅ ከኢንቹ መቅደም አለበት።

ዕድሜው ገፍቶ የቅርብ ነገር ማንበብ የሚቸግረው ሹፌርስ ሰፊ ስክሪን አያስፈልገውም ወይ? ያስፈልገዋል፤ ግን የሚጠቅመው የፊደሉ መጉላት ነው። አንዳንድ ባለ 5 ኢንች መሣሪያዎች ከባለ 4.3 ኢንቾቹ እኩል 480 በ272 ፒክስል ያላቸው ናቸው፤ ምስሉ ይለጠጣል እንጂ አይጠራም። ሌሎች ደግሞ ትርፉን ቦታ በማስታወቂያና በምልክቶች ይሞሉታል። ሰፊ ስክሪን መንገድን እንደሚጋርድም መዘንጋት የለበትም። የካሊፎርኒያ ሕግ በፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ ጂፒኤስ ከሹፌሩ ራቅ ባለው የታች ጥግ እያንዳንዱ ጎኑ 7 ኢንች ከሆነ ካሬ፣ ለሹፌሩ በቀረበው የታች ጥግ እያንዳንዱ ጎኑ 5 ኢንች ከሆነ ካሬ እንዳያልፍ ይገድባል። ባለ 7 ኢንች መሣሪያ ወርዱ ብቻ 6 ኢንች ስለሚያልፍ በሹፌሩ በኩል ያለው ጥግ አይበቃውም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ «ስልኬ እያለ ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ነው። ለአብዛኛው የቤት መኪና ነጂ ስልኩ በእርግጥ ይበቃዋል፤ ካርታውን አስቀድሞ ካወረደ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራለታል። የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ጉዳይ ግን ይለያል፤ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች በዚህ ሥራ የተሰማሩ በርካታ ወገኖቻችንንም ይመለከታል። ለጭነት መኪና የተሠራ ጂፒኤስ የመኪናውን ቁመትና ክብደት ተቀብሎ ዝቅተኛ ድልድይና ከባድ መኪና የተከለከለበትን መንገድ እንዲሸሽ ሆኖ ይሠራል፤ የተለመዱት የስልክ ካርታዎች ግን መንገዱን የሚመርጡት ለትንሽ መኪና ነው። እንዲህ ላለው ሹፌር ለብቻው የተሠራ መሣሪያ ዋጋውን ያወጣል።

እንግዲህ ሲገዙ ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ፦ መጀመሪያ ካርታውን፣ ቀጥሎ ድምፁን፣ ከዚያ የሁለት ሰከንዱን ፈተና፣ ኢንቹን በመጨረሻ። ከገዙም በኋላ አድራሻውን መኪናው ሳይንቀሳቀስ ያስገቡ፤ መሣሪያው ከሚነግርዎ በላይ በዐይንዎ የሚያዩትን መንገድና የትራፊክ ምልክት ይመኑ።