የከተማ አይጥን የሚያበዛውም የሚቀንሰውም ቆሻሻው ነው

በአንድ ከተማ ስንት አይጥ እንደሚኖር የሚወስነው ደጅ የሚያድረው የምግብ ትራፊ ነው። ሴቷ ቡናማ አይጥ ከ21 እስከ 23 ቀን አርግዛ በአንዴ ከ8 እስከ 12 ልጆች ትወልዳለች፤ ልጆቿም በሦስት ወር ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ። ማዘጋጃ ቤት በመርዝና በወጥመድ ግማሹን ቢፈጅ እንኳ የተረፉት ምግቡን ለብቻቸው ስለሚያገኙት በጥቂት ወራት ቦታውን መልሰው ይሞሉታል።

በግድያ ብቻ መታመን ምን እንደሚያመጣ በሃኖይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1902 የፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ቸነፈርን ፈርቶ ለተገደለ አይጥ ገንዘብ መክፈል ጀመረ። ማስረጃው ጭራው ብቻ ስለነበር ሰዉ ጭራውን እየቆረጠ አይጡን እንዲራባ ይለቀው ነበር፤ አይጥ የሚያረቡም ተገኙ። ክፍያው ቀረ።

ኒው ዮርክ ለአሥርተ ዓመታት የታገለችው ከራሷ አሠራር ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 የወጣው የማንሃተን ፕላን ከሕንፃ ጀርባ የጓሮ መተላለፊያ ስላልተወ፣ ቆሻሻ በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ የእግረኛ መንገድ ላይ ይከመር ነበር። ሲመሽ አይጡ ከረጢቱን ከሥሩ ቦርቡሮ ይገባል፤ አጥንቱና ሩዙ አስፋልት ላይ ይዘረገፍ ነበር። በሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ከተማዋ የከረጢት ማውጫውን ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት አዘገየች፤ በዚያው ወር ካትሊን ኮራዲ የተባሉ ባለሙያ የአይጥ ቁጥጥሩን እንዲመሩ ተሾሙ። ከኅዳር 2024 ጀምሮ ደግሞ ከ1 እስከ 9 መኖሪያ ያላቸው ሕንፃዎች ሁሉ ክዳን ያለው ገንዳ እንዲጠቀሙ ግዴታ ሆነ። ብዙ ወሬ ያስነሳው ሹመቱ ቢሆንም ትልቁ እርምጃ ግን ክዳኑ ነው።

መርዙም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። አይጥ አዲስ ነገር ይጠራጠራል፤ ቶሎ ያሳመመውን ምግብም ዳግመኛ አይነካም። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚሠራ መርዝ ይሰጠዋል፤ ቫይታሚን ኬ ሥራውን እንዳይሠራ ያግድና ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ አይጡም ከቀናት በኋላ ይሞታል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ግን መርዙን በሆዱ ይዞ ይዞራል፤ አይጡን የበላ እንስሳም ይመረዛል። በየካቲት 2023 ከኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ መካነ እንስሳት ያመለጠው ፍላኮ የተባለው ጉጉት ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሞት፣ በሰውነቱ ውስጥ አራት ዓይነት የአይጥ መርዝ ተገኝቷል። የከተማው ምክር ቤትም በ2024 የአይጥ የወሊድ መከላከያ እንዲሞከር ሕግ አወጣ፤ ሕጉ በጉጉቱ ስም ይጠራል።

በመናፈሻና በዛፍ ሥር ላለ ጉድጓድ ደረቅ በረዶ፣ ማለትም የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የተሻለ ነው። ሠራተኛው በረዶውን ከትቶ መውጫዎቹን በአፈር ይደፍናል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ አይጦቹን ያፍናል። ለጉጉት የሚተርፍ መርዝ የለም።

የርግብም ነገር ከዚህ አይርቅም። የስዊዘርላንዷ ባዝል ከ1961 እስከ 1985 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ወደ 100,000 የሚጠጉ ርግቦችን ብትገድልም ቁጥራቸው 20,000 ገደማ ላይ እንዳለ ቀረ። በ1988 መንገዷን ለወጠች፤ ነዋሪው ጥሬና ዳቦ መበተኑን እንዲተው በሰፊው አስረዳች፤ የርግብ ማደሪያዎች ሠርታም ዕንቁላሎቹን ታስለቅም ጀመር። በ50 ወራት ውስጥ ርግቦቹ በግማሽ ያህል ቀነሱ። ጥሬ የሚበትነው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚበትነው ከርኅራኄ ነው፤ ነገር ግን ምግቡ ሲበዛ ርግቦቹ ይበዛሉ፤ በጠባብ ማደሪያ ተጨናንቀው ጫጩቶቻቸው በበሽታና በተባይ ያልቃሉ። ርግብን የሚወድ ሰው ጥሬውን ቢተው የሚጠቅመው ርግቦቹን ራሳቸውን ነው።